ላይካ ከኦፕራሲዮን ወጥታለች፤ የቀረው ሥራ የቤት ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ላይካ የምትባል የሦስት ዓመት ውሻ አለችን። 14 ኪሎ ትመዝናለች። ትናንት፣ ነሐሴ 6፣ ማህፀኗን አስወጣንላት። ማታ ወደ ቤት ስናመጣት ትንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊቱን ስታላዝን አደረች። ዛሬ ጠዋት ምግብ አልነካችም። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ያደረጉላትን ኮን (ሾጣጣውን ፕላስቲክ) ልጆቹ አሳዘነቻቸውና አወለቁላት። ከዚያ ወዲህ ቁስሌን ካልላስኩ እያለች ታስቸግረናለች። ጎረቤቴ «ለወገብሽ ከታዘዘልሽ ዳይክሎፌናክ ግማሿን ስጫት፣ ያስታግስላታል» አለችኝ። ልስጣት ወይ? ቁስሉንስ በአልኮል ልጥረገው? ቤታችን አዲስ አበባ ዳር ነው፤ ግቢው በዚህ ዝናብ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ማታ ማታ ደግሞ ጅብ ሲጮህ ካልወጣሁ ትላለች። መቼ ነው ወደ ግቢ የምለቃት?

ምላሽ፦ ሰላም፣ እንደምን ከረሙ። ላይካን እግዜር ይማርልዎ።

ከዳይክሎፌናኩ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። አይስጧት። ግማሿንም፣ ሩቧንም አይስጧት። ሰጥተዋት ከሆነ ደግሞ ማንበቡን እዚህ ላይ ያቁሙና አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ላደረጉላት ሐኪም ይደውሉ። እንዲያስመልሳት ብለው ጨው ወይም ሳሙና አያጠጧት። ሆዷ ገና ትናንት ነው የተሰፋው።

ጎረቤትዎ ክፉ አስበው አይደለም። ዳይክሎፌናክ የማይገኝበት ቤት የለም። ነገር ግን የውሻ ጨጓራና ኩላሊት ይህን መድኃኒት አይችሉትም። ጨጓራው ይቆስላል፣ ይደማል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪም በኪሎዋ አስልቶ ካላዘዘው አይሰጥም። ድመት ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን ያዙልኝ፦ አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ትገድላለች።

«ግማሿን» የሚለው ቃል ለምን እንደሚያስፈራኝ በቁጥር ላሳይዎ። ለውሻም ለሰውም የሚሰጥ ሜሎክሲካም የሚባል ማስታገሻ አለ። ለሰው የሚዘጋጀው እንክብል 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ነው። 14 ኪሎ ለምትመዝን ውሻ የቀኑ መጠን ብዙውን ጊዜ 1.4 ሚሊግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ ለውሻ የሚሆነው መድኃኒት እንኳ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ጭራሽ የማይሆነው ዳይክሎፌናክ ደግሞ አንዱ ፍሬ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊግራም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ ውሻውን በጋቢ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የውሻው እግር ተሰብሮ ታስሮለት ነበር። ሲያቃስት አላስችል ብሎት ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ዳይክሎፌናክ ሰጥቶታል። ከፍቅር ነው የሰጠው። ውሻው ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ አስመለሰ። የወጣው ነገር የቡና አተላ ይመስል ነበር። ጨጓራ ውስጥ የዋለ ደም ነው እንደዚያ የሚሆነው። ሌሊቱን ግሉኮስ አድርገንለት ነበር፤ አላተረፍነውም። ሰውየው ጋቢውን አጣጥፎ ይዞ ሲወጣ ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ድምፄ ጠንከር ቢል ይቅር ይበሉኝ።

«ታዲያ እያመማት ዝም ብዬ ልያት ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ማህፀን ማውጣት ሆድ የሚከፈትበት ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው። ያማል። ማስታገሻ ማግኘት አለባት። ወደ ክሊኒኩ ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ትናንት የተወጋችው ማስታገሻ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ለቤት የሚሰጥስ ምን ታዝዞላታል? ሳይሰጥዎ ቀርቶ ከሆነ ሄደው ይውሰዱ። ይህን መጠየቅ ማስቸገር እንዳይመስልዎ።

ውሻ ህመሟን ትደብቃለች። ስለዚህ ድምፅ ብቻ አይጠብቁ። ጀርባዋን ቆልምማ ትቆማለች። ልትተኛ ዝቅ ትልና መልሳ ትነሳለች። ሳይሞቃት ታለከልካለች። ዞር ብላ ሆዷን ታያለች። እነዚህን ካዩ አሟታል ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ማላዘን ግን ሁልጊዜ ህመም አይደለም። ማደንዘዣው ሲለቃት ያለችበት ቦታ ይጠፋታል። ልክ ከከባድ እንቅልፍ እንደባነነ ልጅ ትሆናለች። ቀርበው ስሟን ሲጠሯትና ጆሮዋን ሲያሻሿት ዝም ካለች፣ አብዛኛው ግራ መጋባት ነው። ዛሬ ማታ ይቀንሳል። ሲያባብሏትም ካልተወች፣ ወይም ዛሬ ማታ ከትናንት ከባሰባት ህመም ነው። ይደውሉ።

መንቀጥቀጡም ምክንያት አለው። በማደንዘዣ ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል። ሆዷ ተላጭቷል፤ በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የነሐሴ ብርድ አለ። ከሲሚንቶ ወይም ከሴራሚክ ወለል ላይ ያንሷት። ካርቶን ይዘርጉ፤ በላዩ ፍራሽ ወይም ወፈር ያለ ብርድ ልብስ ያድርጉ። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው አጠገቧ ማኖር ይቻላል። ከቆዳዋ ጋር አያገናኙት። ማደንዘዣ ያለቀቃት ውሻ ቢያቃጥላትም ፈቀቅ ማለት ላትችል ትችላለች። ከሰል ግን እንዳያስገቡላት አደራ። የታፈነ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ እሷንም ይገድላል፣ ልያት ብሎ የገባውንም ሰው ይገድላል።

ሳል ቢጤ ከሰሙም አይደንግጡ። በማደንዘዣ ጊዜ ትንፋሽ እንዲወስድ በጉሮሮዋ ቱቦ ይገባል። ለሁለት ለሦስት ቀን ጉሮሮዋን ሊከረክራት ይችላል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ዛሬ ጠዋት አለመብላቷ አያስደንቅም። ማደንዘዣ ሆድ ያቅለሸልሻል። ውሃ ግን መጠጣት አለባት፣ ጥቂት ጥቂት። ባልዲ ሙሉ ካቀረቡላት ተስገብግባ ጠጥታ ታስመልሳለች። ምግቡም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ ከወትሮው ሩቡን ወይም ግማሹን ያቅርቡላት። ነገ ጠዋት ድረስ አንድ ጉርሻ እንኳ ካልቀመሰች፣ ወይም የገባው ሁሉ ከወጣ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የፍልሰታ ጾም ላይ ነን። በጾም ብዙ ቤት ውሻው የሚበላው ሽሮ ፍትፍት እንደሆነ አውቃለሁ። ለአሁኑ ይቅርባት። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አለ። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ድሮ የለመደችው ቢሆንም፣ ትናንት ደም የፈሰሳት ውሻ ላይ ይህን መጨመር ደግ አይደለም። በርበሬውም ሆዷን ያውካል። ጨው፣ ቅመምና ዘይት የሌለበት ሩዝ ይቀቅሉላት። የተቀቀለ እንቁላል ፍርፍር አድርገው ይቀላቅሉበት። ሥጋ ቤቱ ዝግ ከሆነ ሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ ዶሮ አይጠፋም፤ ቀቅለው አጥንቱን ለቅመው ሥጋውን ብቻ ይስጧት። የጾሙ ድስት እንዳይነካብዎ አንድ አሮጌ ድስት ለብቻዋ ይለዩላት። ለብ አድርገው ቢያቀርቡላት ሽታው ይጠራታል።

ሁለት ሦስት ቀን ካካ ባትል አያስቡ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጾማ ነበር፣ አሁንም የምትበላው ትንሽ ነው። በአራተኛው ቀን ላይ ጨው የሌለው የተቀቀለ ዱባ ሁለት ማንኪያ ቢጨምሩላት ይረዳታል። ሽንት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሳትሸና ከዋለች ይደውሉ።

እንክብል ታዝዞላት ከሆነ በግድ መንጋጋዋን ይዘው አይታገሏት። ከሩዙና ከእንቁላሉ ሦስት ትንንሽ ድቡልቡል ይሥሩ። አንደኛው ባዶ ነው፤ ያጉርሷት። መድኃኒቱ ሁለተኛው ውስጥ ይግባ። እሱን እያኘከች ሦስተኛውን ያሳዩዋት። የሚመጣውን ስታይ ያለውን ትውጠዋለች። አንቲባዮቲክ ከሆነም «ተሽሏታል» ብለው መሐል ላይ አያቋርጡት።

አሁን ኮኑ። ልጆቹ አዝነው ማውለቃቸው ይገባኛል። እውነትም ታሳዝናለች፤ በር ይመታታል፣ ሳህኑ ላይ ይጋጭባታል። ይህን ሲያነቡ ግን ተነሥተው መልሰው ያድርጉላት። «የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» የሚባለውን ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ለተሰፋ ሆድ መድኃኒት አይደለም። ምላሷ ሻካራ ነው፤ አፏ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ስፌቱ ደግሞ መዳን ሲጀምር ያሳክካታል፤ በላሰች ቁጥር ክሩን በፊት ጥርሷ ትይዘዋለች። አንድን ስፌት ከዳር እስከ ዳር ለመፍታት አምስት ደቂቃ ይበቃታል። እርስዎ ቡና አፍልተው እስኪመለሱ ያልቃል።

ኮኑ ከአፍንጫዋ ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር ማለፍ አለበት። ካጠረ ተጠማዝዛ ትደርስበታለች። አንገቷ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ስትበላ ብቻ አጠገቧ ተቀምጠው ያውልቁላት፣ ስትጨርስ ይመልሱ። ሌሊትም አይወልቅም። በጣም ካስጨነቃት የልጅ ካናቴራ ይሞክሩ። የፊት እግሮቿን በእጅጌው ያስወጡ። የኋላውን ጫፍ ከወገቧ በላይ ሰብስበው በላስቲክ ይሰሩት። ለሽንት ስትወጣ ይፍቱት። ካናቴራው ከረጠበ ይቀይሩ፤ እርጥብ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ከዋለ ከመላስ አይተናነስም። ስትተኛ ጨርቁን የምታኝክ ከሆነ ግን ከኮኑ ሌላ መላ የለም።

ቁስሉን በሚመለከት የምለው አጭር ነው። በዓይንዎ ይዩት፣ በእጅዎ አይንኩት። አልኮል አይሆንም። ኦክሲጅን የምንለው አረፋ የሚያወጣው ውሃም አይሆንም። ሁለቱም አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላሉ። የተፈጨ ቡና፣ አመድ፣ የቴትራሳይክሊን ዱቄት፣ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጂቪ፣ ማር፣ ፌጦ፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉንም ስፌት ላይ ተቀብቶ አይቻለሁ። የተሰፋ ንጹህ ቁስል እነዚህን አይፈልግም። እንዲያውም ከላይ ሲቀቡት ከሥር ምን እንደሆነ ማየት አይቻልም። ጭቃ ከነካው ብቻ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት። ሲቀዘቅዝ ንጹህ ጎዝ ነክረው ቀስ አድርገው ያንሱት። ከዚያ በደረቅ ጎዝ ጠብ ጠብ ያድርጉት። ማሸት የለም። ገላዋን ማጠብ ደግሞ ስፌቱ እስኪወጣ ጭራሽ አይታሰብም።

በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ ይዩት። በጎኗ ያስተኟት። አንዱ ልጅ ጭንቅላቷን እያሻሸ ያጫውታት። እርስዎ የስልክዎን መብራት አብርተው ይመልከቱ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከአንድ ርቀት ፎቶ ያንሡ። እኔ ለደንበኞቼ ሁሉ ይህን ነው የምላቸው። ዓይን ይለምዳል፤ እብጠት ቀስ እያለ ሲጨምር አያስታውቅም። የማክሰኞንና የዓርብን ፎቶ ጎን ለጎን ሲያዩ ግን ወዲያው ይታያል። ሐኪሙም በቴሌግራም ቢልኩለት ከመቶ ቃል የበለጠ ይረዳዋል።

ደህና የሆነ ቁስል ከንፈሮቹ የተገናኙ ናቸው። ዳሩ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። በስፌቱ ርዝመት እርሳስ የምታህል እብጠት ሊኖር ይችላል። ዛሬና ነገ አንድ ሁለት ጠብታ ደም የቀላቀለ ውሃ ቢያዩ ምንም አይደለም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ደረቅ መሆን አለበት። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየባሰ የሚሄድ ቅላት፣ በስፌቱ መሐል ክፍተት ካዩ የዚያኑ ዕለት ይውሰዷት። ለስለስ ያለ እብጠት ከቆዳዋ ሥር ብቅ ካለም አይጫኑት። ብዙ ጊዜ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ በራሱ ይመጠጣል። አንዳንዴ ግን የውስጡ ስፌት ለቆ አንጀት ወይም ሞራ የወጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። ከቆዳ ውጭ የወጣ ነገር ካዩ ደግሞ ወደ ውስጥ ለመመለስ አይሞክሩ። በዚያው ጨው ባለው የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ንጹህ ፎጣ አርጥበው ሆዷን ጠቅልለው ይሩጡ።

ዝንብንም አልርሳ። ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላል ይጥላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። በክረምት ውጭ ያደረች ቁስለኛ ውሻ ትል ይዛ ስትመጣ ማየት በጣም ያማል። ቤት ውስጥ ከዋለች ግን ይህ አይደርስባትም።

ዛሬና ነገ ከሁሉም በላይ የምፈራው የውስጥ መድማትን ነው። በብዛት የሚደርስ ነገር አይደለም። ከደረሰ ግን ሰዓት አይሰጥም። መለየቱ ቀላል ስለሆነ ይልመዱት። ከንፈሯን ገለጥ ያድርጉና ድዷን ይዩ። ሮዝ መሆን አለበት። በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት፣ ይነጣል። ሲለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ድዷ ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወረድ አድርገው ውስጡን ይዩ። እዚያም ሮዝ ነው። ነጣ ካለ፣ ወይም ለመመለስ ከዘገየ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ እግሯ ከቀዘቀዘና መቆም ካቃታት ሌሊትም ቢሆን ይነሡ። ተኝታ ሳለ ትንፋሿን ይቁጠሩ። በደቂቃ ከ30 በታች ነው መሆን ያለበት።

አፍንጫዋ ደረቀ ብለው ትኩሳት አለባት አይበሉ። በእጅ ዳስሰውም አይወስኑ። የውሻ ሙቀት ከእኛ ይበልጣል፤ ጤነኛዋ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነች። ስለዚህ ለሰው እጅ ሁልጊዜ ትሞቃለች። ቴርሞሜትር ካለዎት ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣዋ በኩል ይለኩ። ከ39.4 ካለፈና ከአንድ ሰዓት በኋላም ካልወረደ ይደውሉ። ያንን ቴርሞሜትር ለእሷ ብቻ ይተዉት።

ልጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። የታመመች ውሻ የምትወደውንም ሰው ልትነክስ ትችላለች። ክፋት አይደለም፣ ህመም ነው። ፊታቸውን ወደ ፊቷ አያስጠጉ፤ ሆዷን አይንኩ። ነክሳ ካደማች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ ክትባት ካርዷን ይዘው ይሂዱ። ክትባቷ አልፎ ከሆነ፣ ስፌቱ ሲወጣ በዚያው ያስከትቧት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ደረስኩ፤ መቼ ልልቀቃት ወደሚለው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቀላል ናቸው። ራሷ ትተኛለች፤ ጠባቂ አያስፈልጋትም። በአራተኛው ቀን ጭራዋን ትቆላለች። በአምስተኛው ትሮጣለች። ቤተሰቡም «ዳነች!» ይላል፤ ኮኑ ይወልቃል፣ በሩ ይከፈታል። እሷ ህመሙ ስለተዋት የዳነች ይመስላታል። የሆድ ግድግዳዋ ግን ገና የያዘው በክሩ ነው። እኔ ጋ ስፌት ተተርትሮ የሚመጡት አብዛኞቹ በዚህ ሳምንት የሚመጡ ናቸው።

አንዷን ልንገርዎ። እንደ ላይካ የመካከለኛ ቁመት ያላት የግቢ ውሻ ናት። ስድስተኛ ቀኗ ነበር፤ ቁስሏ በጣም ቆንጆ ነበር። አባወራው ከሥራ ሲመለስ መኪናው በር ላይ ክላክስ አደረገ። እሷ በረንዳው ላይ ተኝታ ነበር። ያንን ክላክስ ታውቀዋለች። አራቱን ደረጃ በአንድ ዝላይ ወርዳ በሩ ሥር ደረሰች። ሰውየው ከመኪናው ወርዶ ሲያቅፋት እጁ እርጥብ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቶሎ ስላመጣት ዳግም ሰፍተናት ተርፋለች። የደረሰባት ከደስታ ነው።

የላይካን ቀን ልቁጠርልዎ። ኦፕራሲዮኑ ነሐሴ 6 ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ማለትም ቡሄ የሚውለው በሰባተኛው ቀኗ ላይ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ልጆች በር እያንኳኩ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ጅራፉ ይጮኻል፤ ርችትም አይጠፋም። የግቢ ውሻ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አትልም። ስለዚህ ነሐሴ 12 ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከመንገዱ የራቀ ክፍል ውስጥ ትግባ። በሩ ይዘጋ። መጋረጃው ይውረድ። ሬዲዮ ድምፁን ቀንሰው ይክፈቱላት። አንድ ሰው አብሯት ቢቀመጥ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ለጨፋሪዎቹ ሙልሙሉን ይዞ የሚወጣው ሰው በሩን ከኋላው መዝጋቱን እንዳይረሳ።

እስከዚያ የት ትዋል? ሰርቪስ ቤት ካለዎት አንዷን ክፍል ይስጧት። ከሌለ የወጥ ቤቱ ጥግ ይበቃል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ መንሸራተት ሆዷን ይስባታል። ሶፋና አልጋ ላይ መዝለል የለም። በሰንሰለት አይሰሯት። ታስራ ያየችውን ሁሉ ለመያዝ ስትወረወር ሰንሰለቱ ይመልሳታል፤ ያ ንዝረት ሆዷ ላይ ነው የሚያርፈው። ለሽንት በቀን ሦስት አራት ጊዜ በገመድ ይዘው ያውጧት፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ጭቃ ያልሆነበትን ጥግ ይምረጡ። ስትገቡ እግሯን በፎጣ ያድርቁላት። ለጥበቃው በግልጽ ይንገሩት፤ አዝኖላት ሌሊት በሩን እንዳይከፍትላት። የሠፈሩ ወንድ ውሾች በር ላይ ከተሰበሰቡም አያስጠጓቸው። ሽታዋ ወዲያው አይጠፋም።

ጅቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ፤ ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። እሷ ሥራዋ ነው ብላ ታስባለች። ጅብ እየጮኸ ተኝታ ማደር አትችልም። መኝታዋን ከግቢው በር ርቆ፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል አጠገብ ያድርጉት። ስትጮህ አይቆጧት፤ ቁጣ ያስነሣታል። ቀስ ብለው ስሟን ይጥሩና እጅዎን ጀርባዋ ላይ ያሳርፉ። ከሦስት አራት ሌሊት በኋላ ትለምደዋለች።

ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። አሥረኛ ቀኗ መሆኑ ነው። የዚያን ዕለት ዶሮ ይሠራል፤ አጥንቱ ደግሞ ልማድ ሆኖ ለውሻ ነው የሚወረወረው። የዶሮ አጥንት ሲበስል እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። ለማንኛዋም ውሻ አይሰጥም፤ ሆዷ ለተሰፋው ደግሞ በጭራሽ። ወጡም ያው ሽንኩርት ነው። ለእሷ ቅመም ሳይገባበት አንድ ብልት ቀድመው ቀቅለው ያስቀሩላት።

ስፌቱ ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ይወጣል፤ ከነሐሴ 16 እስከ 20 መሆኑ ነው። ክሊኒኩ በሰጠዎ ቀን ይውሰዷት። በቤት መቀስ አይቁረጡት። ከላይ ክር የማይታይዎት ከሆነ የሚሟሟ ክር ከውስጥ ተሰፍቶላት ይሆናል፤ እንደዚያም ቢሆን ወስደው ያሳዩ። ክሩ ከወጣ በኋላ ለሦስት ለአራት ቀን በገመድ ያንሸራሽሯት፤ በየቀኑ ትንሽ ይጨምሩላት። ቀዳዳዎቹ ደርቀው፣ ሆዷ ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነና እሷም ካላመማት ኮኑን ያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ማታ ጅብ ጮሆ ካልወጣሁ ካለች በሩን ይክፈቱላት።